ሐረጎ ላይ «አብሽር» ይሉሃል

ባለፈው ሰሞን አንድ ጓደኛዬ በቴሌግራም ቪዲዮ ላከልኝ። ሰሜን እንግሊዝ ነው፣ ዮርክሻየር። ሰዎቹ ቀጭን ጎማ ባለው ብስክሌት ሐምራዊ አበባ የለበሰ ገላጣ ኮረብታ ላይ ይነዳሉ፣ ከዚያ ሸለቆ ይወርዳሉ፣ ሸለቆውን ሲጨርሱ ደግሞ ድንገት ባሕር ዳርቻ ብቅ ይሉና ቁጭ ብለው አሳ ይበላሉ። ሁሉም በአንድ ቀን። ከስሩ «አገር ማለት ይሄ ነው» ብሎ ጽፎበታል። እኔ ያን ሰዓት ኮምቦልቻ ቤቴ በር ላይ ተቀምጬ ካቴናዬን በናፍጣ እያጠብኩ ነበር። ትንሽ ተናደድኩ።

ተናድጄ አልቀረሁም፣ አነበብኩ። ቦታው ሰሜን ዮርክ ሙርስ ይባላል፤ ከ1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ከፍተኛው ቦታ ስንት ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው? 454። ከባሕር ወለል ማለቴ ነው! እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴን ለመጠየቅ ከኮምቦልቻ ደሴ ስሄድ የምወጣው ብቻ ከዚያ ይበልጣል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ግድም ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 አካባቢ። እነሱ ተራራ የሚሉትን እኛ ከቁርስ በፊት ጨርሰነዋል።

ግን ፍርድ አላጓድልም። ሮዝዴል ቺምኒ የሚባል ዳገት አላቸው፣ የባሰው ቦታ ላይ 33 በመቶ ይደርሳል። ሦስት ሜትር ወደፊት ስትሄድ አንድ ሜትር ወደ ላይ ማለት ነው። ታች መነሻው ላይ ብስክሌተኞች ወርደው እንዲገፉ የሚለምን ምልክት ተተክሏል። ሐረጎ፣ ከኮምቦልቻ ደሴ የሚያወጣው የኛ ዳገት፣ እንደዚያ ቢሆን ኖሮ ተሳቢ መኪና ባልወጣው፣ እኔም ይሄን ባልጻፍኩ። የእነሱ አጭርና ጨካኝ ነው፣ የኛ ረጅምና አድካሚ።

ለጓደኛዬ መልስ መጻፍ ጀመርኩ። ረዘመ። እዚህ ላውጣው ብዬ ነው።

አንድ ነገር ላስቀድም። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው ያደግኩት። ብስክሌት የሚነዳ ሰው መኖር ያለበት ግን ኮምቦልቻ ነው። በቃ ተናገርኩት፣ የደሴ ልጆች ስድባችሁን ከታች አስቀምጡ። ምክንያቱን ግን ስሙኝ። ደሴ ጦሳና አዝዋ ገደል መሃል ጎድጎድ ያለች ትመስላለች እንጂ ከከተማው ስትወጡ ብዙው መንገድ ይወርዳል። ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁለት። ወደ ሐይቅ መጨረሻው ቁልቁለት። ወደ ገራዶ ቁልቁለት። ጠዋት በአሪፍ ብርድ፣ እጃችሁን ፍሬን ላይ አድርጋችሁ እየተንሸራተታችሁ ትወርዳላችሁ፣ ደስ ይላል። ዳገቱ ከሰዓት በኋላ ይጠብቃችኋል። እግር አልቆ፣ ውሃ አልቆ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሆና፣ ወይ ደግሞ ክረምት ከሆነ ዶፉ ሊጀምር ሲል። ኮምቦልቻ የሚኖር ሰው ዕዳውን ጠዋት ይከፍላል፣ ከሰዓት እየዘፈነ ቤቱ ይገባል።

ሐረጎን ላወራችሁ ነው እንግዲህ። ከኮምቦልቻ ደሴ በመኪና መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። 25 ኪሎ ሜትር ሲባል ለሰማ ሰው ምንም አይደለም፣ የዩቲዩብ ሰዎች ይሄን ለማሟሟቅ ነው የሚነዱት። እኔ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እነሳለሁ። ያን ሰዓት የፋብሪካ ሠራተኞች በቡድን በቡድን ሆነው በመንገዱ ጠርዝ ይሄዳሉ፣ ባጃጆቹ ገና አላበዱም፣ ቦርከና ወንዝ አጠገብ ያለው አየር እርጥብ ነው። ከዚያ መንገዱ ቀና ይላል፣ ቀና እንዳለም ይቀራል። ኩርባ ነው፣ ሌላ ኩርባ ነው፣ «ይሄ የመጨረሻው ነው» ብለህ ስትዞር ሌላ ኩርባ ነው። ቁልቁል ስትመለከት ኮምቦልቻ ከነአውሮፕላን ማረፊያዋ መዳፍህ ውስጥ የምትገባ ትመስላለች።

እዚህ ጋ ትልቁ ስህተት መጀመሪያ ላይ መፍጠን ነው። እኔም ሠርቼዋለሁ፣ ሁሉም ይሠራዋል። ደሴ ላይ ያለው አየር ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ቢሆን ነው፣ ስለዚህ ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር ሳንባህ የሚያገኘው እያነሰ፣ እግርህ የሚጠይቀው እየበዛ ይሄዳል። ትንሿን ማርሽ ያዝ፣ ማውራት እስከምትችል ድረስ ብቻ ግፋ። ማውራት ካቃተህ ቀንስ። የሚያናግርህ ሰው ደግሞ አይጠፋም። እንጨት የተሸከሙ እናቶች፣ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች፣ በግ የሚነዳ ሽማግሌ። ሁሉም አንድ ቃል ነው የሚሉህ፦ «አብሽር!» ልጆቹ ደግሞ ጎን ለጎን ይሮጣሉ፣ ይቀድሙሃልም፣ በሸበጥ። አንዱ ልጅ ባለፈው «ጋሼ፣ ልግፋህ እንዴ?» አለኝ። ጋሼ! ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው።

የጭነት መኪና ኋላ ይዘው የሚወጡ ጎረምሶች አሉ። አታድርጉት። አንድ ጊዜ ሞክሬዋለሁ፣ ሹፌሩ ማርሽ ሲቀይር መኪናው ትንሽ ወደኋላ ያለ መሰለኝና ነፍሴ ከስጋዬ ልትለይ ምንም አልቀራት።

ደሴ ስገባ ብዙ ጊዜ ጉም ነው። ላቡ ጀርባዬ ላይ ይቀዘቅዛል፣ ጣቶቼ አይታጠፉልኝም። እናቴ በር ከፍታ ታየኛለች፣ ብስክሌቱን ታያለች፣ አራት ዓመት ሙሉ ያልቀየረችውን ጥያቄ ትጠይቃለች፦ «ምነው ልጄ፣ ታክሲ ጠፍቶ ነው?» ከዚያ ፍርፍር።

ጎልማሳ ሰው ብስክሌት ላይ ሲታይ የሚገርማት እሷ ብቻ አይደለችም። እኛ ጋ ብስክሌት የልጅ መጫወቻ ነው፣ ካልሆነም የደሃ መኪና። ኢትዮጵያ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትሄድ፣ ሜልቦርን በ1956 እ.ኤ.አ.፣ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩ፣ እነ ገረመው ደንቦባ። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ ትልቁን የፈረንሳይ የብስክሌት ውድድር፣ ቱር ደ ፍራንስን፣ የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ጎረቤታችን ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በ2024 እ.ኤ.አ. እዚያው ውድድር ላይ ሦስት ቀን አሸንፎ በነጥብ የሚመራው የሚለብሰውን አረንጓዴ ማሊያ ወሰደ። ይሄን ሁሉ ለእናቴ ነግሬያታለሁ። «እነሱስ እናት የላቸውም?» ነው ያለችኝ።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ። የሚገድለው እሱ ነውና።

የመጀመሪያዋ ብስክሌቴ አሮጌ ነበረች፣ አዲስ አበባ ከአንድ ሱቅ ነው የገዛኋት፣ ስሙን አልጠራም። ባለሱቁ «ፍሬኑ አዲስ ነው፣ ሸራው አልተነካም» ብሎ ማለልኝ። እኔም አመንኩት፣ ገልጬ አላየሁም፣ ሞኝነቱ የኔም ነው። ከደሴ ስመለስ ሐረጎ ላይ ሦስተኛው ይሁን አራተኛው ኩርባ ላይ ከኋላ ጥርስ እንደማፋጨት ያለ ድምፅ መጣ። የፍሬኑ ሸራ አልቆ ብረት ከብረት ጋር ነበር። የፊቱን ጨበጥኩ። የፊቱ ያዘ፣ ግን ሸተተኝ። ከፊት ለፊቴ አንድ ሲኖትራክ ወደ ላይ እየመጣ ነው፣ በስተቀኝ ገደል፣ በስተግራ የውሃ መውረጃ ቦይ። መኪናው ሳይደርስ መንገዱን ቆርጬ ቦዩን መረጥኩ። ጉልበቴ ተላጠ፣ መሪው ተጣመመ፣ እኔ ተረፍኩ። ከዚያ የጎማውን ቸርኬ በጣቴ ነካሁት። አትንኩ። ጣቴ ላይ ያለው ምልክት እስካሁን አለ።

አንድ አይሱዙ ቆሞ ጫነኝ። ሹፌሩ ሽማግሌ ነው፣ መንገዱን ሙሉ መከረኝ። «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይላል፣ ደጋግሞ። ለመኪና ወርቅ ምክር ነው፣ ሞተሩ ይይዝልሃል። ብስክሌት ላይ ግን አይሠራም። ፔዳሉን ብትመታው ባትመታው ጎማው በራሱ ይሽከረከራል፣ የሚይዝልህ ሞተር የለም። ያለህ ሁለት ቁራጭ ጎማና ሁለት ጣትህ ነው። ይሄን ልነግረው አስቤ ተውኩት፣ ሰውየው ነፍሴን እያዳነ ነው።

በኋላ ቤቴ ሆኜ አሰላሁት። እኔና ብስክሌቴ አንድ ላይ 90 ኪሎ ብንሆን፣ 600 ሜትር ስንወርድ የምንለቀው ጉልበት ከ500 ሺህ ጁል በላይ ነው። በዚያ ሙቀት አንድ ሊትር ተኩል ውሃ ይፈላል፣ ለቡና ለጎረቤትም ይተርፋል። የተወሰነውን ነፋሱ ይወስደዋል፣ የቀረው በሙሉ ፍሬንህና ቸርኬህ ላይ ነው የሚያርፈው። ቸርኬው በጣም ከጋለ ከመነዳሪው፣ የውስጥ ጎማው ማለቴ ነው፣ ውስጥ ያለው አየር ይነፋና ጎማው ኩርባ ላይ ይፈነዳል። ስለዚህ ፍሬን ጨብጣችሁ አትውረዱ። ቀጥታው ላይ ልቀቁት፣ ከኩርባው በፊት ጠበቅ አድርጋችሁ ቀንሱ፣ ኩርባው ውስጥ ልቀቁ። የፊትና የኋላውን አፈራርቁ። መሃል ላይ ቁሙና ኮምቦልቻን እዩ፣ ፎቶ አንሱ፣ ቸርኬው ይቀዝቅዝ። የመኪና ፍሬን ሲቃጠል የሚወጣው ሽታ ከሸተታችሁ ደግሞ ጠርዝ ያዙና ያ መኪና እስኪያልፍ ቁሙ። ይሄን በጣም እለምናለሁ።

ባሕር ዳርቻ ስትለኝ የነበርከው ጓደኛዬ፣ የኛ ሐይቅ ናት። ከደሴ ወደ ሰሜን በወልዲያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ግድም። ውሃው 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ጥልቁ ቦታ 88 ሜትር ይደርሳል፣ መውጫ ወንዝ የለውም። ገባ፣ ቀረ። ከኮረብታው ላይ ሆነህ መጀመሪያ ስታየው ሰማዩ መሬት ላይ የወደቀ ይመስላል፣ ሁሌም እዚያ ጋ ፔዳል መምታት አቆማለሁ። የእስጢፋኖስ ገዳም የተሠራበት ድሮ ደሴት ነበር፣ አሁን ከየብስ ጋር ተያይዟል፤ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ነው። ሴቶች አይገቡም። ስለዚህ ከእህቴ ጋር ስንሄድ እሷ ውሃው ዳር ብስክሌት ትጠብቃለች፣ ስመለስ አሳዋን ጨርሳ የኔንም ጀምራ አገኛታለሁ።

ስለ አሳው ማስጠንቀቂያ አለኝ። ትኩስ ጥብስ፣ በዳጣ፣ ከላዩ አንድ ለስላሳ። ከዚያ 30 ኪሎ ሜትር፣ አብዛኛው ዳገት። የደሴ ልጅ ዕዳ ማለት ይሄ ነው። በሶ በውሃ በጥብጣችሁ በኪሳችሁ ያዙ፣ አሳውን እዚያው ለምታድሩበት ቀን አስቀምጡት፣ ወይ ደግሞ እንደኔ ብሉና በሚኒባስ ተመለሱ። ብስክሌቱን ፖርቶመጋላ ላይ ያስሩላችኋል። ስታስሩ ካቴናው ወደ ላይ እንዲሆን ንገሯቸው፣ በርበሬ ጆንያ ላይ ካስተኙት ባለቤቷ አትለቃችሁም። ደርሶብኛል።

ሐምራዊው ገላጣ ኮረብታ የቱ ጋ አለን? ጉጉፍቱ። ከደሴ ገራዶን ወርዳችሁ፣ ሸለቆውን ተሻግራችሁ፣ ከዚያ ወደ ወረኢሉ በሚወስደው መንገድ መውጣት ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ፣ ዛፍ ያልቃል፣ ገብስና በግና ነፋስ ብቻ ይቀራል። እረኞቹ በጋቢ ተጠቅልለው ዓይናቸው ብቻ ነው የሚታየው። ብርዱ ደሴን ያስናፍቃል፣ ይሄን የሚያውቅ ሰው ይገባዋል።

እንግሊዞቹን ካነበብኩ በኋላ ያወቅኩት ነገር አለ። ያ ቪዲዮ ላይ ያለው ሐምራዊ ቁጥቋጦና የኛ ደጋ ላይ የሚበቅለው አስታ የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት ናቸው። አስታ! እናቶቻችን የሚያነዱት አስታ። የእነሱ ከጉልበት አያልፍም፣ በነሐሴ ያብባል። የኛ ካልቆረጡት ዛፍ ይሆናል፣ አበባው ነጭ ነው። ችግሩ ቆርጠነዋል፣ የቀረው ጥግ ጥግ ላይ ነው። ከዚህ በኋላ ያንን ቪዲዮ ሳይ እንደ ሩቅ አገር አላይም፣ የአጎት ልጅ ሠርግ ላይ የተነሳ ፎቶ ነው የሚመስለኝ።

ጉጉፍቱን ሙሉውን በብስክሌት የወጣሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ጥቅምት ላይ፣ አየሩ ጥርት ሲል፣ ከደሴ አድሬ። ክረምት አትሞክሩት፣ በረዶው ድንጋይ ነው። የዝናብ ልብስ ከሌላችሁ በጋም አትሞክሩት።

ወደ ደቡብ፣ ሐርቡና ከሚሴ፣ ብዙ የሚወራ ነገር የለኝም። ቆላ ቀመስ ሸለቆ ነው፣ ቦርከናን ተከትላችሁ ትወርዳላችሁ፣ ጨፋ ሜዳ ላይ ከብቱ አስፋልቱን ይዘጋዋል። ለጀማሪ ጥሩ ነው። ይሞቃል። መኪናው ይበዛል። አለቀ።

የትኛውንም መንገድ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ሥራ አለ፣ እንግሊዞቹ የሌለባቸው። ማታ ሁለት ሦስት ሹፌር መጠየቅ፦ «መንገዱ ሰላም ነው?» «ነው» ካሉ ጠዋት ደግሞ መጠየቅ። ካመነቱ ብስክሌቱን መልሶ ግድግዳ ላይ መስቀል። እኔ ባለፉት ዓመታት ከነዳሁባቸው ቅዳሜዎች የሰቀልኩባቸው ይበዛሉ። መታወቂያም አትርሱ፣ ኬላ ላይ በቁምጣ መቆም ብቻውን በቂ ችግር ነው።

ባቲን ለመጨረሻ ያስቀመጥኩት ቅድም ያወጣሁትን ሕግ ስለሚያፈርስብኝ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፣ በእነ ደጋንና ገርባ በኩል። ባቲ ከኮምቦልቻ ታንሳለች። ስለዚህ እዚህ ላይ የኮምቦልቻ ሰውም ዕዳውን ማታ ነው የሚከፍለው። ቢሆንም እሄዳለሁ። ሰኞ ነው መሄድ፣ የገበያዋ ቀን ነው። አማራው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩ፣ ግመሉ፣ ሁሉም አንድ ሜዳ ላይ። የግራር እሾህ ግን ከመነዳሪ አይምርም። ሁለት መለወጫና መለጠፊያ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሰኞ ዕለት ጎሚስታው ጋ ወረፋው የመኪና ነው።

ይሄ መንገድ ለኔ ሌላ ነገርም አለው። ባቲ ላይ አያልቅም። ወደ ሚሌ ይወርዳል፣ አፋርን አቋርጦ በማንዳና በቡሬ በኩል አሰብ ድረስ፣ ቀይ ባሕር ድረስ ይሄድ ነበር። ከኮምቦልቻ 500 ኪሎ ሜትር ግድም። አጎቴ በተሳቢ ስንት ዓመት ተመላልሶበታል፣ ሙቀቱን ሽሽት ሌሊት ሌሊት ነበር የሚነዱት። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር መንገዱ ተዘጋ፣ መኪናዎቹ ወደ ጅቡቲ ዞሩ። አጎቴ ኮምቦልቻ ቀረ። አሁን ዓይኑ ደክሟል፣ በር ላይ ተቀምጦ የሚያልፈውን መኪና በድምፁ ይለያል።

ባለፈው ሰኞ ባቲን አልፌ፣ ከተማው ሲያልቅ መንገዱ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ከሚልበት ጋ ቆምኩና ደወልኩለት። የት እንዳለሁ ነገርኩት።

«በዚያች በሳይክል?»

«በሳይክል ጋሼ።»

ዝም አለ ትንሽ። «ነፋሱ ከየት ነው?»

«ከፊቴ ነው። ይሞቃል።»

«እንግዲያ ከባሕሩ ነው» አለ። «አሁን ዙርና ተመለስ። ዳገቱን እሱ ይገፋሃል።»